“ልጆቹ ጉግል ያውቃሉ” ላሉን ጸሐፊ፦ ከድሬ የተላከ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በመምህራንና በላይብረሪ ሠራተኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረጅም ጊዜ ያስተማሩ ሰው መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው፦ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የላይብረሪ አጠቃቀምና የመረጃ ፍለጋ ማስተማር የጊዜ ብክነት ስለሆነ ይቅር።

ስድስት ምክንያት ይደረድራሉ። ልጆቹ ከስልክ ጋር ስላደጉ መፈለግ ያውቃሉ። ላይብረሪው ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ መጠቀሙንም ያውቁበታል። መጽሐፎቹ አርጅተዋል፣ ጥሩ ጥሩው ጆርናል (የጥናት መጽሔት) ደግሞ በክፍያ ነው። ችግሩ እንግሊዝኛ እንጂ ፍለጋ አይደለም። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቶ ገላግሎናል። ጥናት የሚሠራው በመመረቂያው ዓመት ነው፣ ያኔ ይደርሳል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ላይብረሪ የምሠራ ሰው ነኝ። በድሬ ወግ “አንተ” ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ እዚህ ትልቁም ትንሹም “አንተ” ነው። ግን አላውቃቸውምና አንቱታውን ልጠብቅ።

መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ሥልጠና ብለው የነቀፉት ነገር በእርግጥም የሚነቀፍ ነው። ተማሪው ሻንጣውን ዶርም ጥሎ ሳያርፍ ከመቶ ምናምን ልጆች ጋር አዳራሽ ይገባል። አንድ ሰው ማይክ ይይዝና “ይህ ሰርኩሌሽን ነው፣ ይህ ሪዘርቭ ነው፣ ያለ መታወቂያ አይገባም፣ ምግብ ክልክል ነው” ይላል። ከዚያ በሰልፍ ያዞራቸዋል። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ከሆነ ደግሞ በድሬ ሙቀት ማን ይሰማል? ልጁ ይዞ የሚወጣው የዋይፋይ ፓስወርዱን ብቻ ነው። ይሄ ይቅር ካሉ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ግን ይሄ ጉብኝት ነው። መፈለግን ማስተማር ሌላ ሥራ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ገመድ አስረው ጣሏቸው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን ገመድ ለመፍታት ነው።

“ከስልክ ጋር ላደገ ልጅ ፍለጋ ማስተማር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው” ይላሉ። አባባሉ ያምራል። ግን ተሞክሮ ታይቷል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ መግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 45 ሰዎች ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው አንድ ድረ ገጽ የሚታመን መሆን አለመሆኑን እንዲለዩ ጠየቁ። 10ሩ የታሪክ ዶክተሮች ነበሩ። 10ሩ የመገናኛ ብዙኃን እውነታ አጣሪዎች፣ 25ቱ ደግሞ የራሱ የስታንፎርድ ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪዎቹም፣ ብዙዎቹ ምሁራንም በሚያምር ሎጎና በተቋም ስም ተታለሉ። ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ እዚያው ቆዩ። እውነታ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ብዙም ሳያነቡ ሌላ ታብ ከፈቱ፤ “እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሌላው ስለነሱ ምን ይላል?” ብለው ከውጭ ጠየቁ። ቶሎም አገኙ። እነዚያ ተማሪዎች እኮ ሲሊከን ቫሊ መሃል የሚማሩ ናቸው! ስልክ ቢያስተምር ኖሮ እነሱን ባስተማረ።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አሳይመንት ሰጠ እንበል። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ነው። ድሬ ውስጥ ያደገ ልጅ ዓመቱን ከቤተሰቡ ሰምቶ ያውቀዋል፦ 1998። ስለዚህ በእንግሊዝኛ “የድሬዳዋ ጎርፍ 1998” ብሎ ይጽፋል። የሚፈልገው አይመጣለትም። አንዳንዱ “ስለዚህ ጎርፍ የተጻፈ ነገር የለም” ብሎ ርዕስ ይቀይራል። ነገር ግን ጥናቱም ሪፖርቱም ሞልቷል፤ የተቀመጠው 2006 በሚለው ዓመት ሥር ነው። ጎርፉ የወረደው በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2006 መጀመሪያ ላይ ነበርና።

“ስምንት መደመር ነው፣ ምን ይከብዳል?” የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ ስምንት አይደለማ! ባቡሩ ድሬ የደረሰው፣ ከተማችንም የተቆረቆረችው በ1895 ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1902 ነበር። ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ በአንዱ ወረቀት 1895፣ በሌላው 1902፣ በሦስተኛው 1903 ሲያይ ምንጮቹ የተጣሉ ይመስለዋል። ሦስተኛው ምናልባት ስምንት ደምሮ የተሳሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። ስህተትን ከምንጩ መያዝ የሚጀመረው እዚህ ነው።

ከዚያ የስሙ ጉዳይ አለ። የሐረማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ የሚለው ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ግሩም ጥያቄ ነው። ቅርባችን ነው። የሐረር ውኃ ከዚያ ይመጣ ነበር። መስኖው፣ ጫቱ፣ ደለሉ፣ የከተማው ፓምፕ፣ ሁሉም በየጥናቱ ይነሣል። ግን “ሐረማያ” ብሎ ብቻ የፈለገ ልጅ የድሮውን ጥናት ያጣዋል። የድሮው “አለማያ” በሚል ነው የተጻፈው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስሙን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት የታተመው አለማያ እያለ ነው የሚሄደው። ሐይቁ ሙሉ በነበረ ጊዜ የተለካው ልክ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሱን ያላገኘ ተማሪ ስለ መድረቁ ምን ሊያወዳድር ነው?

ጫትንም ውሰዱ። በላቲን ፊደል አንዱ በኬ ይጀምረዋል፣ አንዱ በሲ፣ አንዱ በኪው። የእጽዋት ሰዎቹ ደግሞ ካታ ኤዱሊስ ብለው ያልፋሉ። ሐረርም ሁለትና ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላት። ለዚህ መላው ቀላል ነው። አጻጻፎቹን ሁሉ ደርድሮ በመካከላቸው “ኦር” የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ ፊደል ማስገባት ነው። ከሁለትና ከሦስት ቃል የተሠራውን ስም ደግሞ በትምህርተ ጥቅስ ማሰር። ይህን ለማሳየት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሳይነገራቸው የሚያደርጉት ፍሬሾች (አዲስ ገቢዎች) ግን ከስንት አንድ ናቸው።

የደራሲ ስም ሌላው ጣጣ ነው። ታዋቂው የታሪክ ምሁር ባህሩ ዘውዴ በላይብረሪ ካታሎግ “ባህሩ” በሚለው ነው የሚገኙት። የእኛ አባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። የውጭ ጆርናሎችና ዳታቤዞች ግን ብዙ ጊዜ ገልብጠው “ዘውዴ፣ ባ.” ያደርጉታል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ መፈለግ ግድ ነው። ተማሪው ዋቢ ሲጽፍም አንዱን ሰው ሁለት ሰው አድርጎ ይዘረዝራል። አይቼ ስቄያለሁ፤ ግን የልጁ ጥፋት አይደለም። ማንም አልነገረውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስልኩ ያስተምረው? ከውጭ የተቀዳ የሥልጠና ማኑዋልም ቢሆን ስለ ዓመተ ምሕረትና ስለ አባት ስም አያነሣም። እኛ ካላስተማርነው የሚያስተምረው የለም።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ላይብረሪው ሙሉ ነው፣ እውነት ነው። ሙሉ የሆነው ግን ወንበሩ ነው። ቸካዩ ገና በጠዋት ደብተር ጥሎ ቦታ ይይዛል፣ ከቴሌግራም ያወረደውን ሞጁል ያጠናል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። ጸጥታው ጥሩ ነው፣ ቬንትሌተሩም አለ። እኔም ብሆን እዚያ ነበር የማጠናው። በመደርደሪያዎቹ መካከል ግን የሚመላለሰው ባብዛኛው የኔው የሥራ ባልደረባ ነው።

መጽሐፎቹ አርጅተዋል ለሚሉት ግማሹን እቀበላለሁ። የዛሬ 20 ዓመት የታተመ የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ለሐረር የሕክምና ተማሪ አይሰጥም። መድኃኒቱ ተቀይሯል። ለታሪክ ተማሪ ግን አሮጌው ነው ወርቁ። የትኛው እርጅና ጉዳት፣ የትኛው ጥቅም እንደሆነ መለየት ራሱ የሚማሩት ነገር ነው።

እስቲ ሐረርን እንይ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆየ። በዓመቱ ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬም ስለ ሐረር የሚጽፍ ሰው በርተንን ሳይጠቅስ አያልፍም። ተማሪው መጠየቅ ያለበት ቀላል ነው። አሥር ቀን የቆየ፣ የሚጠረጠር እንግዳ ስለ ከተማዋ ምን ያህል ሊያውቅ ይችላል? በዓይኑ ስላየው ነገር ምስክር ነው። ስለ ሰዉ ጠባይ ሲፈርድ ግን ጠንቀቅ ማለት ይበጃል። ከበርተን ይልቅ ከተማዋ ራሷ ስለ ራሷ የጻፈችው ብዙ አለ። ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡትን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ማየት ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚፈልግ ልጅ ይህ ሁሉ እግሩ ሥር እያለ ከለንደን የመጣውን ይጠቅሳል።

ራምቦ ቤትንም አትርሱ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ እየተመላለሰ እስከ 1891 ኖሯል፣ ነግዷል። ይህ የታወቀ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ውብ የእንጨት ቤት ግን እሱ የኖረበት ስለመሆኑ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠራሉ፤ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው እንደሆነ ይነገራል። የቱሪስት ድረ ገጾች ብዙዎቹ ይህን አያነሱም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይቀዳል፣ ሌላውም ከዚያ ይቀዳል። ተማሪው አሥር ገጽ ላይ ስላገኘው አሥር ምንጭ ያለው ይመስለዋል። ያለው አንድ ነው። አዲስ ተማሪዎችን በዚህ ቤት ጉዳይ አንድ ከሰዓት ብታከራክሯቸው ከሙሉ ሴሚስተር ንግግር ይበልጥ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

የክፍያው ነገር ደግሞ አሳዛኝ ነው፤ ምክንያቱም ባብዛኛው መፍትሔ አለው። ልጁ አንድ ጥናት ይከፍታል፣ ገጹ ሠላሳና አርባ ዶላር ይጠይቀዋል፣ ደንግጦ ይዘጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ሂናሪ የጤና ጆርናሎችን፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በዓመቱ ያስከተለው አጎራ የግብርናውን፣ ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች ተቋማት በነፃ ይከፍታሉ። ዛሬ ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል ጥላ ሥር ናቸው። ጤናና ግብርና፣ የእኛ አካባቢ ዋና ዋና የትምህርት መስኮች ማለት ነው! መግቢያው የሚገኘው በላይብረሪው በኩል ነው። ማለትም አንድ ሰው ለተማሪው “መጀመሪያ እኛን ጠይቅ” ማለት አለበት። ከዚህም ሌላ ያለ ምንም መግቢያ የሚነበብ ሞልቷል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው ኢስት አፍሪካን ጆርናል ኦፍ ሳይንስስ አለ። የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚሰበስበው አጆል አለ። ጉግል ስኮላር ላይም ቢሆን ከጥናቱ ርዕስ በታች “ሁሉም ቅጂዎች” የምትለዋን መንካት ብዙ ጊዜ ነፃውን ፒዲኤፍ ታወጣለች። ስለዚህ “በክፍያ ነው” የሚለው ሥልጠናውን ለመሰረዝ ሳይሆን ለማጠናከር የሚቀርብ ምክንያት ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ጸሐፊው ያመማቸው ነገር እኔንም ያመኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሪሜዲያል (ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) በኩል የሚገባው ብዙ ነው። አንድ ሙሉ ጥናት አንብቦ መረዳት ለብዙዎቹ ዳገት ነው። ታዲያ “መጀመሪያ እንግሊዝኛው ይስተካከል” ማለት መቼ ሊደርስ ነው? ፍለጋን ማስተማር ራሱ እንግሊዝኛውን ያግዛል። ጥያቄውን በሚያስብበት ቋንቋ ይጀምረው። በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም ይሁን። ድሬ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቋንቋ ሲቀላቀል መስማት ብርቅ አይደለም። ከዚያ ሐሳቡን ሦስት አራት ቁልፍ ቃል ያድርገው፣ ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ቃላት ይፈልግ። ከተገኘው ጥናት አብስትራክቱን (መጀመሪያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ብቻ ያንብብ፤ እዚያ ውስጥ ያልጠበቀው ቃል ያገኛል፣ በዚያ ደግሞ እንደገና ይፈልጋል። በአንድ ርዕስ እንዲህ ሲመላለስ የዚያን ርዕስ ቃላት ሳያስበው ይይዛቸዋል። ሙሉውን ጥናት አንብብ ብሎ መጀመር ነው ልጁን የሚያስበረግገው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ገላገለን ላሉት ግን ቆም ብዬ ልመልስ። ምክንያቱም በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም፤ ብዙ መምህር ይህን ያምናል።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ የመጽሐፍና የጥናት ዝርዝር ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ዝርዝሩ ያማረ ነበር። የደራሲ ስም፣ የጆርናል ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ሁሉም በየቦታው። ርዕሶቹም ልክ የፈለገችውን ነበሩ፤ ትንሽ ከመጠን በላይ ልክ ነበሩ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ፈለግን። ጆርናሉ አለ፣ ያ ቅጽ ግን ያንን ጽሑፍ አልያዘም። ደራሲውም አለ፣ ያንን ጥናት ግን አልጻፈም። ዝርዝሩን ያወጣላት ቻትጂፒቲ ነበር። ልጅቷ አላጭበረበረችም። የሚሰጣት ነገር ሁሉ ያለ ነገር መስሏት ነው።

በዚህ የተሸወዱት ፍሬሾች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች እውነት አድርገው ለዳኛ አቀረቡ። ውሳኔዎቹ በዓለም ላይ የሉም። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። እነዚያ የሕግ ትምህርት ጨርሰው ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው።

መሣሪያው አይጠቅምም አልልም። ለጫት ስንት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ አለ ብትሉት ባንድ ትንፋሽ ይደረድራል፤ ለቁልፍ ቃል ፍለጋ ጎበዝ ነው። የሰጠውን ማጣራት ግን የተማሪው ድርሻ ነው። ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ አስሮ መፈለግ፣ ወደ ጆርናሉ ገጽ ሄዶ ቅጹን መክፈት፣ የጥናቱ መለያ ቁጥር (ዲኦአይ የሚባለው) ወደ እውነተኛ ጽሑፍ መውሰዱን ማየት። ይህ እንግዲህ ጸሐፊው “ይቅር” ያሉት ትምህርት ነው። ማሽኑ በመጣ ቁጥር የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ እንዴት ይቀራል?

የመጨረሻው ነጥብ “በመመረቂያው ዓመት ይደርሳል” የሚለው ነው። አይደርስም። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው ገና እንደገባ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ ይወስዳል። በየኮርሱ አሳይመንት አለ። አሳይመንቱን መሥራት ካላወቀ ደግሞ ሌላ መንገድ ይማራል። የግሩፕ ወርኩን አንዱ ይቀዳል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ያለፈው ዓመት ልጆች የሠሩት በፍላሽ ይዞራል። በመመረቂያው ዓመት ይህ ልማድ ሥር ሰዷል፣ ያኔ ከኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት የተዘጋጀ ጥናት ገዝቶ የከተማ ስም መቀየር ይቀላል። አንድ ጊዜ ስለ ድሬዳዋ የሚል ርዕስ ያለው ጥናት ገለጥ ሳደርግ ውስጡ ስለ ከተማዋ ብርዳማ አየር ያትታል። ድሬ! ብርድ! አቦ፣ ቢያንስ ያንን መስመር እንኳ አይሰርዝም?

ታዲያ ምን ይደረግ? አዳራሹና ሰልፉ ይቅር ብያለሁ። በምትኩ አንዱ የፍሬሽ ኮርስ መምህርና አንድ የላይብረሪ ሰው ይነጋገሩ። አሳይመንቱ በተሰጠ ሳምንት፣ ልጁ ጥያቄ ይዞ በጨነቀው ሰዓት፣ ክፍሉ በጠዋት ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይምጣ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ጥቂት ጥናቶች አስቀድመው ይውረዱ። መብራት ከሄደም መደርደሪያው አለ። መጽሐፍን በርዕሰ ጉዳይ በቁጥር በሚለየው በዲውይ አመዳደብ ለሚሠራ ላይብረሪ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው፣ እዚያ ቆሞ የመጽሐፍ ማውጫና የኋላ ዋቢ እንዴት እንደሚነበብ ማሳየት ይቻላል። ርዕሱ ከዚሁ ይሁን። ደቻቱ፣ ሐይቁ፣ ባቡሩ፣ ራምቦ ቤት።

ጸሐፊው “ተማሪዎቹም አይወዱትም” ሲሉ በቅንፍ አክለዋል። መውደዱን ተዉት። ተማሪው ከወረቀቱ ጋር የፍለጋ ማስታወሻ አብሮ ያስረክብ። ምን ቃል ጻፈ፣ ምን አገኘ፣ ምን ጣለ፣ ለምን ጣለ። ለዚህ ብቻ 5 ማርክ ይመደብለት። 5 ማርክ ላለበት ነገር ፍሬሽ ሌሊቱንም ያድራል።